ወደ ድሮ ሥራችሁ ከመመለሳችሁ በፊት

የቀድሞ አለቃችሁ ደውሎ «ተመለሱ» ካላችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ። ቴሌግራም ክፈቱና እዚያ በሠራችሁባቸው የመጨረሻ ሦስት ወራት ለቅርብ ጓደኛ የላካችሁትን አንብቡ። እኔ ባሕር ዳር ጣና ዳር የነበረው ሥራዬ ሲናፍቀኝ ትዝ የሚለኝ የጠዋቱ ሐይቅና ታንኳው ብቻ ነበር። መልእክቴ ግን «ዛሬም እስከ ማታ ሦስት ሰዓት አቆዩኝ፣ ባጃጅ አጣሁ» ይላል፤ በአንድ ወር አምስት ጊዜ! ምሬት ከጊዜ ጋር ይደበዝዛል፣ የተጻፈው ግን እንዳለ ነው። ያማረራችሁን ነገር ይዛችሁ «ይሄ ተስተካክሏል ወይ?» ብላችሁ አሁን እዚያ ያለ ባልደረባ ጠይቁ።

የለቀቃችሁት ለደመወዝ ብቻ ከሆነ ይህ ብዙም አይጠቅምም፤ ብሩን ተደራደሩ። ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በዚያው አሠሪ ለዚያው ሥራ ድጋሚ ስትቀጠሩ የሙከራ ጊዜ የለባችሁም። ውሉ ላይ ካያችሁት ሳትፈርሙ አስወጡት።