ታሮትን በተረት ማንበብ፦ ራፑንዜል በሦስት ካርታ

ታሮት የጠያቂውን (ካርታ የሚነበብለትን ሰው) ጉዳይ ለማየት የሚመዘዙ 78 ሥዕላዊ ካርታዎች ናቸው። በተረት ለማንበብ ትንንሾቹ ካርታዎችም (እንደ ስምንት ጎራዴ ያሉት) ሳይቀሩ ትዕይንት የተሳለባቸው ይሁኑ። ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የሳለችውና እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ላይ የወጣው ራይደር-ዌይት ለዚህ ይመቻል፤ 78ቱም ላይ የሚታይ ነገር አለ። የማርሴይ ካርታ (የቆየው የፈረንሳይ ታሮት) ግን ለጀማሪ ያስቸግራል፤ ስምንት ጎራዴው ላይ ሰው የለም።

ካርታውን በውዛችሁ ሦስት ምዘዙ። ተረት ከማሰባችሁ በፊት የምታዩትን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፦ ማን አለ? ምን እየሆነ ነው? እጁ፣ እግሩ፣ ዓይኑስ? ከዚያ ያው ድርጊት የሚፈጸምበትን የተረት ቦታ ፈልጉ። የእኛ ተረት ራፑንዜል ነው፦ ጠንቋይ ግንብ ውስጥ የዘጋችባት ልጅና በድብቅ የሚጎበኛት ልዑል።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ዕቃን ከዕቃ ያዛምዳል። 16ኛው ካርታ፣ ግንቡ፣ ሲወጣ «ራፑንዜል የታሰረችበት ነው» ይላል። ሥዕሉ ላይ ግን የታሰረ የለም። መብረቅ ግንቡን መትቶ፣ አናቱ ላይ ያለው ዘውድ ተፈንቅሎ፣ ሁለት ሰዎች ቁልቁል እየወደቁ ነው። በግሪም ወንድማማቾች የ1857 (እ.ኤ.አ.) እትም ከግንቡ የሚወድቀው ልዑሉ ነው፤ ጠንቋይዋን ባልጠበቀው ቦታ ሲያገኛት ራሱን ወረወረ፣ እሾህም ዓይኑን ወጋው። ተረቱን በፊልም ብቻ የምታውቁ ከሆነ ይህ ያመልጣችኋል፤ ስለዚህ ጽሑፉን አንብቡ።

እስሩ ያለው ስምንት ጎራዴ ላይ ነው። ሴትዮዋ ዓይኗ ተሸፍኗል፣ ክንዷ ታስሯል፤ እግሯ ግን ነፃ ነው። ራፑንዜልም ልዑሉን በመጣ ቁጥር አንድ አንድ ነዶ ሐር እንዲያመጣላት ጠይቃ መውረጃ መሰላል ልትሠራ ነበር። ጠያቂውን «ጥቂት በጥቂት ልታጠራቅመው የምትችለው ምንድን ነው?» በሉት።

17ኛው፣ ኮከቡ፣ እጅግ ደስ የሚል ካርታ ነው። ሴትዮዋ ከሁለት ማሰሮ ውኃ ታፈሳለች፤ በተረቱም የልዑሉን ዓይን ያበሩት ሁለት የራፑንዜል እንባዎች ናቸው። ያ የሆነው ግን እሱ ለዓመታት ጫካ ውስጥ ከተንከራተተ በኋላ ስለሆነ፣ ኮከቡ ስለወጣ ብቻ ለጠያቂው «ነገ ይሆናል» አትበሉት።

በመጨረሻ በተረቱ ውስጥ የእሱ ቦታ የቱ እንደሆነ ጠያቂው ራሱ ይምረጥ። ሁልጊዜ ራፑንዜልን አትስጡት፤ ልጇ ከቤት መውጣቷን መቀበል ያቃታት እናት የጠንቋይዋን ቦታ ልትመርጥ ትችላለች፣ ያኔ ሦስቱም ካርታዎች ከላይ፣ ከመስኮቱ በኩል ይነበባሉ።