የአንዱ ትዕዛዝ ሌላው ላይ ሲገኝ፦ የፓይተን ክላስ ችግርና መፍትሄ

ሐዋሳ ውስጥ ላፕቶፑን አቅፎ ከሚመጣብኝ ሰው ግማሹ ያቺው ችግር ናት ያለችበት። ለጀማሪ፦ ፓይተን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው፤ ክላስ ንድፍ ነው፣ ኦብጀክት ደግሞ ከንድፉ የሚሠራው እያንዳንዱ ነገር። ወደሷ ከመሄዳችን በፊት ትንንሾቹን ልጨርስ።

«ሞጁል (የኮድ ፋይል) አይጠራም» የሚል ኤረር፦ ኢምፖርት ዴትታይም (import datetime) ብላችሁ እሱው ላይ ቅንፍ ከፍታችኋል። ሞጁሉና ውስጡ ያለው ክላስ ሞክሼ ናቸው። ዴትታይም.ዴትታይም በሉ።

«ሰልፍ (self፣ ኦብጀክቱ ራሱ) ጎድሏል»፦ ኦብጀክቱን ስትሠሩ ከክላሱ ስም ቀጥሎ ቅንፍ ረስታችኋል።

«ምንም አልቀበልም፣ 1 ተሰጠኝ»፦ ሜተዱን (ክላስ ውስጥ ያለውን ፈንክሽን) ስትጽፉ ሰልፍን ዘላችኋል። የታክሲ ሰልፍ እንኳ ሲዘለል ሰው ይቆጣል።

ኢኒት (__init__፣ ኦብጀክት ሲሠራ የሚጠራው ሜተድ) በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት አንደርስኮር ነው። ፋይላችሁን ደግሞ ራንደም ብላችሁ አትሰይሙ። በፍጹም! ኢምፖርት ስትሉ የራሳችሁ ፋይል ይመጣላችኋል።

አሁን ወደ ዋናዋ። ይቺ ኤረር አታወጣም፤ ለዚህ ነው የምጠላት።

ምልክቷ፦ አንዱ ኦብጀክት ላይ የጨመራችሁት ሌላው ላይ ይገኛል። አንድ ልጅ ከአሞራ ገደል ዓሣ ለሚያከፋፍል አጎቱ የትዕዛዝ መመዝገቢያ ሠራለት። ለእያንዳንዱ ምግብ ቤት አንድ ኦብጀክት። አንዱ ቤት 20 ቆሮሶ አዘዘ፣ ሌላው 5 አምባዛ። ዝርዝሩ ሲወጣ ሁለቱም ቆሮሶም አምባዛም አዘዋል። አጎትየው አምባዛ ላላዘዘው ቤት አምባዛ ተሸክሞ ሄዶ፣ ተሰድቦ ተመለሰ። ልጁ ሁለት ሌሊት ፕሪንት ሲደረድር አደረ። ይበልጥ ግራ ያጋባው ሂሳቡ ነው፤ የብር ድምሩ ለየቤቱ ልክ ነበር።

ምክንያቱ፦ ዕቃዎች = [] የሚለው መስመር ከኢኒት ውጭ፣ ክላሱ ሥር ተቀምጧል። እዚያ የተጻፈ ሊስት ([]፣ ዝርዝር መያዣው) የክላሱ ነው። አንድ ብቻ ነው፤ ሁሉም ኦብጀክት ይጋራዋል። አፔንድ (ሊስት ላይ ጨምር) ባላችሁ ቁጥር ያንኑ ነው የምትሞሉት። ሰልፍ.ድምር += ስትሉ ግን አዲስ ቁጥር ተሠርቶ እዚያው ኦብጀክት ላይ ይቀመጣል። ብሩ ያልተቀላቀለው ለዚህ ነው። ሊስት ላይ += ብትሉ ግን አትድኑም፤ ያንኑ የጋራውን ይሞላል።

ለማረጋገጥ፦ ቤት1.ዕቃዎች ኢዝ (is፣ «ያው አንዱ ነው ወይ?») ቤት2.ዕቃዎች ብላችሁ ፕሪንት አድርጉ። ትሩ (True፣ እውነት) ካለ ተገኘች። (ፓይተን 3 የተለዋዋጭ ስም በእኛ ፊደል ይቀበላል፤ ኢዝንና ዴፍን (def፣ ፈንክሽን መጀመሪያውን) ግን በእኛ ፊደል አይቀበልም።)

መፍትሄው፦ መስመሩን ኢኒት ውስጥ አስገቡና ሰልፍ.ዕቃዎች = [] በሉት። በቃ።

አደራ! ይህን ሰምቶ ኢኒት ቅንፍ ውስጥ ዕቃዎች=[] ብሎ የሚጽፍ አለ። ያው በሽታ ነው። ያ ሊስት የሚፈጠረው የዴፉ መስመር ሲሠራ አንዴ ነው፤ ኦብጀክት በተሠራ ቁጥር አይታደስም። እዚያ «ነን» (None፣ ምንም) ብላችሁ ጻፉ፤ ባዶውን ሊስት ኢኒት ውስጥ ገብታችሁ ስጡት። ከቴሌግራም የወረደ ኮድ ሳታነቡ የምትለጥፉ፣ ለእናንተ ነው የምናገረው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኮዱ ቢስተካከልም ተቀላቅሎ ሴቭ የተደረገው ዳታ በራሱ አይለይም። ልጁና አጎቱ ደረሰኝ መሬት ላይ ዘርግተው እስከ ማታ በእጃቸው ሲለዩ ነበር። እኔ ሁለተኛውን ቡና ጠጥቼ ወጣሁ።