ተጠባባቂ ዲስክ እያለ መልሶ ግንባታው ለምን አልጀመረም?

ባለ ሁለት ኮንትሮለር (ዲስኮቹን የሚያስተዳድር ክፍል) የመረጃ ማከማቻችን አንድ ዲስክ ተበላሸበት። የሬይድ ቡድኑ (አንዱ ቢበላሽ መረጃው እንዳይጠፋ አብረው የሚሠሩ ዲስኮች ስብስብ) ግን መልሶ ግንባታ፣ ማለትም የተበላሸውን ዲስክ ይዘት በተጠባባቂ ዲስክ ላይ እንደገና መጻፍ፣ ሳይጀምር እንደተጓደለ ቀረ። የሚያናድደው፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ ሁለት ደህና ተጠባባቂዎች ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል።

ጉዳዩ የባለቤትነት ነው። ሁለቱም ኮንትሮለሮች ከሁሉም ዲስኮች ጋር በገመድ ቢገናኙም፣ በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ዲስክ የሚመዘገበው በአንዳቸው ስም ብቻ ነው፤ ተጠባባቂውን መጠቀም የሚችለውም ባለቤቱ ነው። የተጎዳው ቡድን ባለቤት የመጀመሪያው ኮንትሮለር ሲሆን ሁለቱም ተጠባባቂዎች የተመዘገቡት በሁለተኛው ስም ነበር። አጠቃላይ ቁጥሩን ብቻ የሚያሳየው የመቆጣጠሪያ ገጽ ይህን አይናገርም፤ የዲስኮቹን ዝርዝር ከነባለቤታቸው ማውጣት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ባለቤት የሌለውን ዲስክ ለአንዱ ኮንትሮለር በራሱ የሚሰጠውን ራስ-ሰር ምደባ አጠፋሁ፤ አለዚያ ነፃ የወጣውን ዲስክ ሥርዓቱ ለቀድሞው ባለቤት ሊመልሰው ይችላል። ከዚያ የአንዱን ተጠባባቂ ባለቤትነት አንሥቼ ለመጀመሪያው ኮንትሮለር መደብኩት። ሌላ ትእዛዝ አላስፈለገም፤ ግንባታው በራሱ ጀመረ።

ከማዛወራችሁ በፊት የዲስኩ ዓይነት ከተበላሸው ጋር አንድ መሆኑን፣ መጠኑም እንደማያንስ አረጋግጡ። አስቀድሞ በዜሮ መሙላት የሚጠቅመው ቡድን ለማስፋት እንጂ ለመልሶ ግንባታ አይደለም፤ በዚህኛው ይዘቱ ለማንኛውም ከላይ ይጻፍበታል።

በተበላሸው ምትክ የገባውን አዲስ ዲስክ በእጄ ለመጀመሪያው መደብኩት። የሁለቱ ኮንትሮለሮች ዲስኮች በተቀላቀሉበት መደርደሪያ ላይ ራስ-ሰር ምደባን አላምነውም።