የሆሊውድ ደጋፊ ተዋናይን የሥራ ታሪክ በአስተማማኝ መንገድ ማጠናቀር

በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የአሜሪካ ፊልሞች ውስጥ ፊቱ እንደ ጎረቤት የሚታወቅ፣ ስሙ ግን ቶሎ የማይታወስ ተዋናይ ሞልቷል፤ የባንክ ጸሐፊው፣ የመንደሩ ሐኪም፣ ከሽፍታው አለቃ ጀርባ የሚቆመው ተኳሽ። እንዲህ ያለ ሰው በሥራ ዘመኑ ከመቶ በላይ ፊልም ላይ መሥራቱ ብርቅ አልነበረም። ቶማስ ሚቸል በ1939 ብቻ በአምስት ትልልቅ ፊልሞች ላይ ታይቶ፣ በአንዱ የደጋፊ ተዋናይ ኦስካር ወስዷል። የእነዚህን ሰዎች ሥራ ለማጠናቀር የተነሳ ሰው ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ዝርዝር ብቻ ቢገለብጥ፣ የሌላ ሰው ሥራ የተጨመረበት፣ የራሱ የተዋናዩ ሥራ ደግሞ የጎደለበት ወረቀት ይዞ ይቀራል። ከዚህ በታች ያለው መንገድ ጊዜ ይወስዳል፤ ውጤቱ ግን ይታመናል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከስሙ ይጀምሩ

የፊልም ተዋንያኑ ማኅበር፣ ስክሪን አክተርስ ጊልድ፣ በ1933 የተቋቋመ ሲሆን ሁለት አባላት በአንድ የሥራ ስም እንዲጠሩ አይፈቅድም ነበር። በዚህም በሌላም ምክንያት ብዙዎቹ በሥራቸው መሀል ስም ቀይረዋል። ስለዚህ ከፊልሞቹ በፊት ስሞቹን ይሰብስቡ፦ የልደት ስም፣ የመድረክ ስም፣ በመጀመሪያዎቹ ፊልሞች ላይ የተጻፈው፣ በኋላ የጸናው። "ጁኒየር" ያለበትንና የሌለበትን፣ የመካከል ፊደል ያለበትንና የሌለበትን ሁሉ ለየብቻ ይጻፉ። ቻርልስ ብሮንሰን እስከ 1954 ድረስ ፊልም ላይ የሚጻፈው ቡቺንስኪ እየተባለ ነበር። ትንሹ ሎን ቻኒ የመጀመሪያ ፊልሞቹን የሠራው ክሬይተን ቻኒ በሚለው የልደት ስሙ ነው።

ለልምምድ ከሃሪ ሞርጋን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በ1915 ዲትሮይት ውስጥ ሲወለድ ስሙ ሃሪ ብራትስበርግ ነበር፤ በ1937 በኒው ዮርኩ የቲያትር ሰፈር፣ ብሮድዌይ፣ መድረክ ላይ ሲወጣም በዚሁ ተጠራ። በ1942 በትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ ፊልም ሲጀምር ሄንሪ ሞርጋን ሆነ። ችግሩ ሌላ ሄንሪ ሞርጋን መኖሩ ነው፤ ስመ ጥር የሬዲዮ ቀልደኛ፣ እሱም በ1915 የተወለደ፣ እሱም በ1948 በአንድ ፊልም ላይ መሪ ተዋናይ የነበረ። ተዋናዩ በኋላ ሃሪ ወደሚለው የተመለሰው ከዚህ መምታታት ለመውጣት ነው። እንግዲህ የ1940ዎቹ ጋዜጣ "ሄንሪ ሞርጋን" ሲል ስሙም የልደት ዓመቱም አይለያቸውም። የሚለያቸው አካባቢው ነው፦ የተጠቀሰው ስቱዲዮ ወይም የሬዲዮ ጣቢያ፣ አብረው የተጠሩት ሰዎች፣ ዜናው የመጣበት ከተማ። ቀልደኛው በአብዛኛው የኒው ዮርክ፣ ተዋናዩ የሎስ አንጀለስ ሰው ነበር።

ሰንጠረዡን ማዘጋጀት

ለአንድ ሥራ አንድ መስመር፣ በሰባት ዓምድ፦ የሥራው ርዕስ፣ ስሙ በፊልሙ ላይ የተጻፈበት መልክ (እንዳለ፣ ሳይታረም)፣ የተቀረጸበት ጊዜ፣ ለዕይታ የበቃበት ቀን፣ ስቱዲዮ፣ ሚና፣ ማስረጃ። የቀረጻው ጊዜና የዕይታው ቀን የግድ ይለያዩ። በመኸር የተቀረጸ ፊልም በቀጣዩ ዓመት ጸደይ ሊታይ ይችላል፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ሰውየው በአንድ ሳምንት ሁለት ከተማ ውስጥ የሠራ ይመስላል። ርዕሱ ሥር በሮማውያን ቁጥር የሚጻፈው የባለቤትነት መብት ዓመትም ከሁለቱ ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ለብቻው በማስታወሻ ይያዝ።

ማስረጃውን በሦስት ደረጃ ይክፈሉት። አንደኛው ስሙ ፊልሙ ላይ የተጻፈበት፤ ሁለተኛው ስሙ ባይጻፍም በዓይን ታይቶ የታወቀበት ወይም በስቱዲዮው የቀረጻ ወረቀት ላይ የሚገኝበት፤ ሦስተኛው ጋዜጣ ብቻ የተናገረው። ሦስተኛው ደረጃ ከሁለተኛ ምንጭ ጋር እስኪገጥም ወደ መጨረሻው ዝርዝር አይግባ። ብዙ ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ የፊልም ንግድ ጋዜጦች "እገሌ ለእገሌ ፊልም ታጨ" ብለው ያወጡት ዜና ከዓመታት በኋላ እንደ ተሠራ ሥራ ይቆጠራል። ሰውየው ግን በሌላ ተተክቶ፣ ወይም ትዕይንቱ በቅንብር ጊዜ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል።

ፊልሙን ማየት

በዚያ ዘመን በፊልም ላይ የሚጻፈው የስም ዝርዝር አጭር ነበር፤ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር የሚናገር ሰው ስሙ ሳይወጣ ይቀራል። የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት ካታሎግ በነጻ ይከፈታል፤ ስማቸው ያልተጻፈ ተዋንያንንም በምርምር ለቅሞ ስለሚያስገባ ጥሩ መነሻ ነው። ማረጋገጫው ግን ፊልሙ ነው። መጀመሪያ ሳያቋርጡ ይዩ፤ ቀጥሎ የተጠረጠረውን ትዕይንት ድምፁን ብቻ ይስሙ። ጢም፣ ባርኔጣና የመብራት ጥላ ፊትን ይሸፍናሉ፤ ድምፅን ግን አይሸፍኑም። ተናጋሪ ካልሆነ የጆሮውን ቅርጽ ስሙ ተጽፎ ከሚገኝበት የዚያው ዓመት ፊልም ጋር ያስተያዩ።

ሚናውን ሲጽፉ "የከተማ ነዋሪ" ብለው አይለፉት፤ የሚያደርገውን ይጻፉ። ሞርጋን በ1952ቱ "ሃይ ኑን" ላይ ሳም ፉለር የሚባል ሰው ነው። የከተማዋ ሕግ አስከባሪ፣ ማርሻሉ፣ ረዳት ፍለጋ ወደ ቤቱ ሲመጣ እሱ ውስጥ ተደብቆ ሚስቱን በሩ ላይ "የለም" እንድትል ይልካታል። ትዕይንቱ በጣም አጭር ነው፤ ከተማዋ ማርሻሏን እንዴት እንደከዳች ግን በሴትዮዋ ፊትና በባልየው እፍረት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይታያል። የደጋፊ ተዋናይ ችሎታ እንዲህ ባለ ትዕይንት ነው የሚለካው፤ ሰንጠረዡ ይህን ካልያዘ ቁጥር ብቻ ይሆናል።

ቴሌቪዥን

ከ1950ዎቹ ወዲህ ከፍተኛው ሥራ እዚህ ነው፤ ለአንድ ተከታታይ በዓመት 39 ክፍል መሥራት የተለመደ ስለነበር ተዋናይ ያለማቋረጥ ይፈለግ ነበር። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መስመር ይኑረው። አንድ ተዋናይ በአንድ ተከታታይ ላይ በተለያየ ሚና ይመላለሳል፤ ሞርጋን "ማሽ" ላይ በ1974 እንደ እንግዳ ጄኔራል ሆኖ ከታየ በኋላ በ1975 ኮሎኔል ፖተር ሆኖ ተመልሷል። "ገንስሞክ" ከ1955 እስከ 1975 በ635 ክፍል ሲተላለፍ ብዙ ደጋፊ ተዋንያን ደጋግመው ገብተውበታል።

ድጋሚ ስርጭትን ይጠንቀቁ። የ"ገንስሞክ" የግማሽ ሰዓት ክፍሎች በድጋሚ የተላለፉት "ማርሻል ዲለን" በሚል ስም ነው፤ የጋዜጣ ፕሮግራም ብቻ የሚያይ ሰው አንዱን ሥራ ሁለት አድርጎ ይቆጥራል። የቀጥታ ስርጭት ድራማዎች ደግሞ ብዙዎቹ አልተረፉም፤ የዱሞንት ጣቢያ ሥራ አብዛኛው ጠፍቷል። ለእነዚህ ምስክሩ የዘመኑ የፕሮግራም መጽሔት ነው፤ "ቲቪ ጋይድ" በአገር አቀፍ ደረጃ መውጣት የጀመረው በሚያዝያ 3 ቀን 1953 ነው።

ባዶ ዓመታት

ሰንጠረዡ ሲሞላ ክፍተቶች ይታያሉ፤ ክፍተት በግምት አይሞላም፣ ምክንያቱ ይፈለጋል። ከ1942 እስከ 1945 ያለው ብዙ ጊዜ ጦርነቱ ነው። የጦር ሠራዊት የግል ማህደር ግን ላይገኝ ይችላል፦ በሐምሌ 1973 ሴንት ሉዊስ በነበረው ቃጠሎ ከ1912 እስከ 1960 ከሠራዊቱ የተሰናበቱ ሰዎች ማህደር 80 በመቶ ያህሉ ጠፍቷል። ከ1951 በኋላ ድንገት የሚቆም ሥራ ሲያጋጥም ጥቁር መዝገቡን ያስቡ፤ በኮሚኒስትነት የተጠረጠሩ ሰዎች ሥራ የሚከለከሉበት ዝርዝር ነው። ጄፍ ኮሪ በኮንግረሱ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ስም አልጠራም በማለቱ ወደ አሥራ ሁለት ዓመት ከካሜራ ርቆ ትወና ሲያስተምር ቆይቷል። እንዲህ ያሉ ሰዎች በዚህ ጊዜ ያላቸው መስመር ባዶ ቢሆንም ሥራ አልፈቱም፤ የማስተማሩም ነገር በሰንጠረዡ ውስጥ ቦታ ሊያገኝ ይገባዋል።

የ1940 የሕዝብ ቆጠራ ወረቀት እንዳያመልጥዎ። ሙያን ብቻ ሳይሆን በ1939 ስንት ሳምንት እንደሠራና ምን ያህል ደመወዝ እንዳገኘ ይጠይቃል፤ ከ5000 ዶላር በላይ ከሆነ ግን መጠኑን አይናገርም። የአንድ ተዋናይ ዓመት ምን ያህል በሥራ፣ ምን ያህል ሥራ በመጠበቅ እንዳለፈ ከዚህ የበለጠ ቀጥታ የሚያሳይ ሰነድ ጥቂት ነው።

የ1948 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ስቱዲዮዎችን ከሲኒማ ቤቶቻቸው ለየ፤ ተዋናይን ከአንድ ስቱዲዮ ጋር የሚያስረው የዓመታት ኮንትራትም እየተመናመነ ሄደ። የስቱዲዮ ዓምዱ ከዚያ በፊት አንድ ስም ሲደጋግም፣ ከዚያ በኋላ ሲበታተን ካዩ ትክክል ነው። ከዚያ በፊት በመሀል የሌላ ስቱዲዮ ስም ከገባ ተዋናዩን በውሰት ሰጥተውት ይሆናልና ዜናውን ይፈልጉ።

ወረቀቶቹ ያሉበት

ቤቨርሊ ሂልስ ያለው የማርጋሬት ሄሪክ ቤተ መጻሕፍት ከ1937 ጀምሮ የወጣውን የኦስካር ሰጪውን አካዳሚ የተዋንያን ማውጫ ይዟል፤ ፎቶና ወኪሉ ማን እንደሆነ ስለሚገኝበት የስም ለውጥን ከዓመት ዓመት ለመከታተል ይጠቅማል። የዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮ የቀረጻ ወረቀቶች በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። የቆዩ የንግድ ጋዜጦችን በሚዲያ ሂስትሪ ዲጂታል ላይብረሪ ከቤት ሆኖ ማንበብ ይቻላል። እዚያ በስም ብቻ ፈልገው ካጡ ተስፋ አይቁረጡ፤ ኮምፒዩተሩ የደበዘዘ ኅትመት ሲያነብ ፊደል ያጣብቃል፣ በመስመር መጨረሻ የተከፈለ ስምም አይታየውም። በፊልሙ ርዕስና በዳይሬክተሩ ስም ይፈልጉና ገጹን በዓይን ያንብቡ።

የሞት ዜናውን በመጨረሻ ያንብቡ። "ከ200 በላይ ፊልሞች" የሚለው ቁጥር ቲቪውን ከፊልሙ ደምሮ፣ ወይም ወኪሉ ከጻፈው ተወስዶ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ከእርስዎ ጋር ካልገጠመ መስመር አይጨምሩ፤ ያልተረጋገጡትን በሌላ ገጽ በየማስረጃቸው ያቆዩ፤ አንድ የጠፋ ክፍል በማህደር ሲገኝ ከዚያ ገጽ እየተነሱ ይገባሉ።