የኦክስጅን ማሽን ይዘው ከድሬዳዋ ለሚበሩ፦ ችግርና መፍትሄ

ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በረራው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ብዙ ቤተሰብ ለዚያች ሰዓት ብቻ ይዘጋጃል። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥመው መሬት ላይ ነው፤ ወይ ከመሳፈር በፊት፣ ወይ ቦሌ ከወረዱ በኋላ።

ቼክ ኢን ላይ "ይሄ አይገባም" ከተባሉ

ማሽኑ የኦክስጅን ሲሊንደር መስሏቸው ይሆናል። የራስን ሲሊንደር ይዞ መሳፈር በብዙ አየር መንገዶች ክልክል ነው። ይህ ማሽን ግን የታመቀ ጋዝ አይዝም። በዙሪያው ካለው አየር ናይትሮጅኑን እየለየ ኦክስጅኑን ይሰጣል። ይህን ያስረዱ፣ ለአውሮፕላን የተፈቀደ መሆኑን የሚገልጸውን የማሽኑን ጽሑፍ ያሳዩ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቲኬት ሲቆርጡ ለአየር መንገዱ ማሳወቅና የሐኪም ወረቀት መያዝ ነው።

ባትሪው ቶሎ ካለቀ ወይም ቻርጅ አልቀበል ካለ

የድሬን ሙቀት ይጠርጥሩ። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ባትሪ እስኪቀዘቅዝ ቻርጅ ላያደርግ ይችላል። ጥላ ውስጥ ያሳርፉት። መብራት ሊሄድ ስለሚችል የመጨረሻዋን ሌሊት አይጠብቁ፤ ቀደም ብለው ይሙሉት። ከሐረር የሚወርዱ ደግሞ በመኪና ቻርጀር እየተጠቀሙ ይምጡ። ባትሪው ሊበቃ የሚገባው ከቤት ደጃፍ እስከሚያርፉበት ቤት ሶኬት ድረስ ላለው ሰዓት ነው፤ በዚያ ላይ የዚያኑ ሰዓት ግማሽ ይጨምሩ። መለዋወጫ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም። የባትሪው አቅም ከ100 ዋት-ሰዓት (Wh) በላይ ከሆነ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል።

ትንፋሽ እንዳላገኘ እያሳወቀ ከጮኸ

አብዛኞቹ ትናንሽ ማሽኖች ኦክስጅን የሚለቁት በአፍንጫ አየር ሲሳብ ነው። በአፍ ከተነፈሱ ወይም እንቅልፍ ከወሰደዎት ማሽኑ ትንፋሽዎን ላያውቀው ይችላል። ቱቦው ታጥፎ እንደሆነ ይዩ፤ በአፍንጫ ይሳቡ።

ቦሌ ወርደውም ትንፋሽ ካጠረ

እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው አየርም እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያህል ሊሳሳ ይችላል። ስለዚህ "ወርጄ ይሻለኛል" ማለት አይሠራም፤ የወረዱት ያው ስስ አየር ውስጥ ነው። ድሬ ላይ የሚበቃዎት ልክ እዚያ ላይበቃ ይችላል።

ከጉዞው በፊት ሐኪምዎን "አዲስ አበባ ስደርስ ስንት ላይ ላድርገው? በጣት ላይ በሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ስንት ሲሆን ልስጋ?" ብለው ይጠይቁና ያስጽፉ። ማሽኑ ላይ ያለው "2" ወይም "3" የሚል ቁጥር ሊትር ማለት አይደለም፤ የማሽኑ የራሱ ደረጃ ነው፣ በግምት አይነካም። ዊልቼር አስቀድመው ይዘዙ፤ ደረጃ መውጣትና ሻንጣ መጎተት ይቅርብዎት። ከንፈር ከጠቆረ፣ ሰውዬው ከተደናገረ ወይም ደረት ካመመ ቤት አይግቡ፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች የሐረር ሰው ልዩነቱ ያንስለታል፤ ጥያቄው ግን ለእሱም ያስፈልገዋል። ሲመለሱም ማሽኑን ሐኪሙ ባዘዘው የድሮ ልክ ላይ ያድርጉት። ለአንዳንድ የሳንባ ሕመምተኛ ከልክ ያለፈ ኦክስጅንም ይጎዳል።