ጫንኩት እኮ፣ ለምን አልዘለለም? የትንንሽ ጌሞች ችግርና መፍትሄ

ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ ትልልቅ ጌም ነው። ያነሳዋል ወይ? ራም ልጨምርበት ወይ? እኔ ግን ብዙ ሰዓት ያጠፋሁት ትንንሾቹን በማስተካከል ነው። ሁለት ወይም ሦስት ቁልፍ ብቻ ያላቸው፣ በማንኛውም አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የሚከፈቱ፣ አንድ ሰው ወይም ሁለት ጓደኛሞች የሠሯቸው ጌሞች። እነዚህ ላይ ትንሽ ብልሽት ጌሙን ሙሉ በሙሉ ይገድለዋል።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሱፐር ሄክሳጎንን ውሰዱ። ቴሪ ካቫና በ2012 ያወጣው ነው። ያላችሁ ግራና ቀኝ ብቻ ነው። ከዳር እየጠበበ የሚመጣውን ግድግዳ እየሸሻችሁ 60 ሰከንድ ከቆያችሁ ደረጃውን አለፋችሁ። የመጀመሪያ ቀን 10 ሰከንድ መሙላት ራሱ ከባድ ነው። ግን ሞታችሁ እንደገና ለመጀመር ምንም ጊዜ አይፈጅም፣ ደግሞም የሞታችሁት በራሳችሁ ጥፋት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰውን ከወንበሩ የማያስነሳው ይኼ ነው። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አሁን ግን አልደግመውም» የሚለው እምነት። እሱ እስካለ ድረስ ሰው መቶ ጊዜ ሞቶ መቶ አንደኛውን ይጫናል። እምነቱ የሚጠፋው «ጫንኩት እኮ!» ማለት ሲጀምር ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ እውነቱን ነው። ጭኖታል። ኪቦርዱ ነው የዋጠው።

ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት፣ ድራይቨር መጫን፣ ገመዱ መሰካቱን ማየት የሚሉትን እንደምታውቁ ቆጥሬ አልፋለሁ።

«ወደ ላይ እያየሁ ስሮጥ ዝላዩ እምቢ ይላል»

ይኼን ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ምልክቱ እንዲህ ነው። ወደ ግራ እየሮጡ መዝለል ይሠራል። ወደ ቀኝም ይሠራል። የላይና የግራ ቀስቶችን አንድ ላይ ይዛችሁ ስፔስ ስትመቱ ግን ምንም የለም። ስፔሱን ለብቻው ስትሞክሩት ደህና ነው። ስለዚህ ሰው ጌሙን ይጠረጥራል። ያጠፋዋል፣ በሞባይል ዳታ እንደገና ያወርደዋል፣ ያው ነው። ከዚያ «ይኼ ጌም ቡግ አለበት» ብሎ ለጓደኞቹ ያወራል። ጌሙ ምንም አላደረገም።

ርካሽ ኪቦርድ ፈታችሁ ታውቁ ከሆነ፣ ከቁልፎቹ ሥር መስመር የተሳለባቸው ስስ ፕላስቲኮች ታገኛላችሁ። እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሽቦ የለውም። ቁልፎቹ እንደ ሠንጠረዥ በረድፍና በዓምድ ተጋርተው ነው የሚኖሩት። ቺፑ ረድፎቹን በየተራ እየነካ የትኛው ዓምድ እንደመለሰለት ያያል። ሁለት ቁልፍ ሲጫን ችግር የለም። ሦስት ቁልፍ ተጭኖ የአንድ አራት ማዕዘን ሦስት ጥግ ላይ ሲወድቅ ግን ኤሌክትሪኩ በጓሮ ዞሮ ይመጣና አራተኛው ጥግም የተጫነ ያስመስለዋል። ቺፑ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት አይችልም። ስለዚህ በመጨረሻ የመጣውን ዝም ብሎ ይጥለዋል። የተጣለው ዝላያችሁ ነው።

ጥሩ ኪቦርድ በየቁልፉ ዳዮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ፣ ስላለው ኤሌክትሪኩ ወደ ኋላ አይመለስም። ርካሹ ይኼ የለውም። የሚያናድደኝ ሳጥኑ ላይ «ጌሚንግ» ተብሎ ተጽፎበት፣ በቀይና በአረንጓዴ መብራት አሸብርቆ፣ ዋጋው ተጨምሮበት፣ ውስጡ ግን ያው ዳዮድ የሌለው ፕላስቲክ መሆኑ ነው። ለመብራቱ የወጣው ገንዘብ ለዳዮድ ቢወጣ ኖሮ ይኼን ክፍል ባልጻፍኩት ነበር።

የአክስቴን ልጆች ታሪክ ልንገራችሁ። ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፣ በአንድ ኪቦርድ ፊት ለፊት የሚገጥሙበት ጌም አላቸው። ትልቁ በቀስቶቹ፣ ትንሹ በደብልዩ፣ በኤ፣ በኤስና በዲ። ትንሹ ሁሌ ይሸነፋል። ለወራት «አንተ አትችልም» እየተባለ ኖሯል፣ እሱም አምኖ ነበር። አንድ እሁድ ምሳ በልተን ከጀርባቸው ቁጭ ብዬ እጃቸውን አየሁ። ትልቁ ሁለት ቀስት ይዞ በቆየ ቁጥር የትንሹ ዲ ይሞታል። ልጁ በሰዓቱ ነው የሚጫነው፤ ጣቱ ሲወርድ አየዋለሁ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ ግን እንደቆመ ነው። የኪቦርድ መፈተሻ ገጽ ከፍቼ ደገምነው። የትልቁ ሁለት ቀስቶች ስክሪኑ ላይ በርተዋል፣ ትንሹ ዲን ይጫናል፣ የዲ ሳጥን አይበራም። ደግሞ ተጫነው። አልበራም። «ጭኜው ነበር ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ። ለትልቁ አሮጌ ጆይስቲክ ሰጠሁት። ማታውኑ ትንሹ አሸነፈ።

እንግዲህ መፍትሄው። መጀመሪያ አረጋግጡ። በብራውዘር «ኪቦርድ ቴስተር» ብላችሁ ፈልጉና አንዱን ክፈቱ። ከዚያ ልክ ጌሙ ውስጥ እንደምታደርጉት ሁለቱን ይዛችሁ ሦስተኛውን ምቱ። ቅደም ተከተሉን ቀያይሩ። ሁሌ የመጨረሻው ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ያልኳችሁ ነገር ነው። አንዱ ቁልፍ ለብቻውም የሚጠፋ ከሆነ ግን ያ ቁልፍ ራሱ ተበላሽቷል ወይም ሥሩ የገባ ነገር አለ። ከአንድ ስፔስ ሥር ሁለት ፍሬ ቆሎ አውጥቻለሁ፤ ገብስ፣ ሙሉ ፍሬ። እባካችሁ ኪቦርድ ላይ ቆሎ አትብሉ። ማኪያቶ ደግሞ ፈጽሞ አታስጠጉ፣ ስኳሩ መስመሩ ላይ ከደረቀ ማጽዳት ብዙ ጊዜ አያድነውም።

ከዚያ የዝላዩን ቁልፍ ቀይሩ። አብዛኞቹ ጌሞች ሴቲንግ ውስጥ ያስቀይራሉ። ዜድ ወይም ኤክስ ሞክሩ፣ ካልሆነ ሌላ ፊደል፣ በመፈተሻው እያያችሁ። ሺፍትና ኮንትሮል ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ስለተዘረጉ ከሌላው ጋር እምብዛም አይጋጩም። ግን ሺፍትን ከመረጣችሁ ተጠንቀቁ። 5 ጊዜ በተከታታይ ስትጫኑት ዊንዶውስ ስቲኪ ኪይስን (ሺፍትን ብትለቁትም እንደተያዘ የሚቆጥረውን) ላብራ ብሎ በጌሙ መሃል ይገባል። የቀኙን ሺፍት 8 ሰከንድ ይዛችሁ ከቆያችሁ ደግሞ ፊልተር ኪይስ ይመጣል፣ እሱ ይብሳል። ሳታነቡ እሺ ካላችሁት ኪቦርዱ አጭር ንክኪን መቁጠር ያቆማል። «ኪቦርዴ ሞተ» ብሎ አዲስ ገዝቶ፣ አዲሱም እንደዚያው ሆኖበት ሁለቱንም በፌስታል ይዞ የመጣ ልጅ ነበር። ሁለቱም ደህና ነበሩ። ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ ግቡ፣ ኪቦርድ የሚለውን ክፈቱ፣ የሁለቱንም አቋራጭ አጥፉ። ዛሬውኑ። ጌም ባትጫወቱም አጥፉት።

ኮንትሮልን በብራውዘር ለሚከፈት ጌም አትምረጡ። ኮንትሮል ይዛችሁ ደብልዩን ስትነኩ ገጹ ይዘጋል፣ ሪከርዳችሁም አብሮት።

ከሁሉ የሚሻለው ጆይስቲክ ነው። ተራው እንኳ ቢሆን ለሦስት ቁልፍ ጌም ከባለ መብራቱ ኪቦርድ ይበልጣል። ስትገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ሁሉንም ቁልፍ ጫኑ። ዱላውን ስትለቁት መሃል ላይ ካልቆመ አትቀበሉ፣ «ሲለምድ ይስተካከላል» ቢሏችሁም አይስተካከልም።

«ዜድ ስጫን ምንም አይሆንም፣ ቀስቶቹ ግን ይሠራሉ»

የአማርኛ መጻፊያው በርቷል። ፊደሉን ጌሙ ጋ ሳይደርስ ይወስደዋል። ወደ እንግሊዝኛ መልሱና ክፈቱት። ብዙዎቹ ትንንሽ ጌሞች ዜድና ኤክስ ላይ ስለሚሠሩ ይኼ እኛን ደጋግሞ ያገኘናል።

«ይዘላል፣ ግን ዘግይቶ»

ላፕቶፑን ቲቪ ላይ ሰክታችኋል? እንግዲያው ቲቪው ነው። ቲቪ ምስሉን ከማሳየቱ በፊት ያሳምረዋል፣ ማሳመሩ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ለፊልም ምንም አይደለም። በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ምስል፣ እያሳየ የሚሄድ ጌም ላይ ግን አንዱ ፍሬም 17 ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፣ ማሳመሩ የበርካታ ፍሬም ዕድሜ ሊበላ ይችላል።

ሴለስት የሚባለውን የ2018ቱን ጌም ላስታውሳችሁ። ተራራ የምትወጣ ልጅ ናት። እግሯ ከገደሉ ጫፍ ከለቀቀ በኋላም ለ0.1 ሰከንድ መዝለል ትችላለች። ሠሪዎቹ ሆን ብለው ያደረጉት ነው፤ የሰው ጣት ትንሽ እንደሚዘገይ ስለሚያውቁ። ተጫዋቹ አያየውም፣ ግን «ይኼ ጌም ይሰማኛል» ይላል። ያንን አሥረኛ ሰከንድ ቲቪው ሲወስድባችሁ ስጦታው ጠፋ ማለት ነው።

የቲቪውን ሴቲንግ ክፈቱና ጌም ሞድ የሚለውን አብሩ። በቃ። አንዳንዱ ቲቪ የሚያበራው ለአንዱ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ብቻ ስለሆነ ገመዱን ቦታ ብትቀይሩ እንደገና አብሩት። መዘግየቱ ላፕቶፑ ራሱ ላይም ካለ፣ ጌሙ ውስጥ ቪሲንክ የሚለውን (ጌሙ ስክሪኑን እንዲጠብቅ የሚያደርገውን) አጥፍታችሁ ሞክሩ። ምስሉ መሃል ላይ የተቀደደ ቢመስል ግድ የለም፣ ጣታችሁ ይቀድማል። በድምፅ የምትጫወቱት ከሆነ ደግሞ የብሉቱዝ ኢርፎኑን አውልቁ፣ ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚደርሳችሁ። ባለ ሽቦ።

«ጌሙ በጣም ይፈጥናል፣ አይቻልም»

አዲስ 144 ሄርዝ ስክሪን (በሰከንድ 144 ጊዜ ምስል የሚቀይር) ላይ አሮጌ ጌም ከፍታችሁ ነው። አንዳንዱ ጌም አንድ እርምጃ የሚራመደው በአንድ ፍሬም ነው፣ ስለዚህ ለ60 የተሠራው 2.4 እጥፍ ይሮጣል። ስክሪኑን ወደ 60 አውርዱት።

«ይቆራረጣል»

ቻርጀሩን ሰኩ፣ የኃይል ቁጠባውን አጥፉ። ካልሆነ ማራገቢያው አቧራ ጠጥቷል።

«ፋይል ጎደለ ብሎ አይከፈትም»

የጎደለውን ፋይል ብዙ ጊዜ የሚይዘውን የማይክሮሶፍትን ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ጥቅል ከራሱ ከማይክሮሶፍት አውርዳችሁ ጫኑ። የጎደለውን አንድ ፋይል ብቻ ከማይታወቅ ቦታ አታውርዱ። አታውርዱ! አንድ ትንሽ ጌም ለመክፈት ብለው የሁለት ዓመት ፎቶ በቫይረስ ያጡ ሰዎችን አውቃለሁ። ከሰው ፍላሽ የተገለበጠ የተሰበረ ኮፒ ከሆነም አንቲቫይረሱ ዋናውን ፋይል በልቶት ይሆናል፣ ደግ አደረገ። የባንክ ካርድ ስለሌላችሁ መግዛት ካልቻላችሁ በሠሪዎቹ ፈቃድ ነጻ የሆኑ አሉ። የ2008ቱ የመጀመሪያው ስፔለንኪ ነጻ ነው፣ እስከ ዛሬም አይጠገብም።

«ሁሉም ይሠራል፣ ግን አያዝናናኝም»

ይኼን እንደ ብልሽት ነው የማየው፣ ምክንያት አለውና። አንደኛ፣ ድምፁን ዘግታችኋል። እነዚህ ጌሞች ግማሽ ነገራቸው ድምፅ ነው። ሁለተኛ፣ የማይሞት የሚያደርግ ማጭበርበሪያ ጭናችኋል። አውጡት። ሞቱን ስታወጡ ጌሙን አወጣችሁ። ሱፐር ሚት ቦይ በሚባለው ጌም ላይ አንድ ደረጃ ስትጨርሱ የቅርብ ሙከራዎቻችሁን በአንድ ጊዜ ያሳያችኋል። አርባ ትንንሽ ቀይ ሰውዬዎች አብረው ይነሳሉ፣ በየመጋዙ ላይ እየቀሩ ያንሳሉ፣ አንዱ ብቻ ይደርሳል። ያ አንዱ እናንተ ናችሁ። ሠላሳ ዘጠኙም እናንተ ናችሁ። ያንን አንዴ ካያችሁ በኋላ ማጭበርበሪያ አያምራችሁም።

ሦስተኛው በጊዜ ነው። አምስት ደቂቃ ሞክራችሁ አትፍረዱ። ለዛሬ ማለፍ ሳይሆን 15 ሰከንድ መቆየት ብቻ ይሁን። ነገ 20።

«ፎርማት ካስደረግኩ በኋላ ሪከርዴ ጠፋ»

ይኼን አስቀድሞ መከላከል እንጂ ማዳን የለም። ትንንሽ ጌሞች የደረሳችሁበትን ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጣሉ፣ ብዙ ጊዜ አፕዳታ በሚባል የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ወይም ዶክመንትስ ውስጥ። ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ብቻ መገልበጥ አይበቃም። ላፕቶፑን ለባለሙያ ከመስጠታችሁ በፊት ሁለቱንም ፎልደሮች ፍላሽ ላይ ገልብጡ፣ ባለሙያውም «ሴቭ ፋይል አለህ ወይ?» ብሎ ካልጠየቃችሁ እናንተ ንገሩት። ሲጨርስ ጌሙን መልሳችሁ ጫኑ፣ አንዴ ከፍታችሁ ዝጉት፣ ከዚያ የገለበጣችሁትን እዚያው ቦታ ላይ መልሱት።