ታማኝነትን በትንሽ እቁብ ማስተማር

ታዳጊዎችን «ታማኝ ሁኑ» እያሉ ከመምከር ትንሽ እቁብ ማስጀመር ይሻላል። ስምንት ልጆች፣ በሳምንት 20 ብር፣ ስምንት ሳምንት፤ ባለዕጣው 160 ብር ያነሳል። ከዚህ በላይ አባል አታብዙ፣ ተራው ሲርቅ ይሰለቻሉ። ዳኛም ጸሐፊም ከራሳቸው ይመረጡ፤ ሁለቱን ሥራ ግን አንድ ልጅ አይያዝ። ብሩ ሁሉም እያዩ ይቆጠርና ከፋዩ ራሱ መዝገቡ ላይ ስሙ አጠገብ ይፈርም።

እቁብ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ መሀል ላይ ነው፦ ቀድሞ የደረሰው ልጅ ብሩን አጥፍቶ መክፈሉ ሲከብደው። ስለዚህ ዕጣ የወጣለት ሁሉ ገና ካልደረሳቸው መካከል ዋስ ይጥራ፤ ዋስ ካጣ ዕጣው ለሌላ ይውጣና እሱ መጨረሻ ይውሰድ። ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው። የቅርብ ጓደኛው እንኳ ዋስ ለመሆን ሲያመነታ፣ ባለዕጣው ባለፈው ወር ተበድሮ ያልመለሰው ደብተር ትዝ ይለዋል። ያኔ ጣልቃ አትግቡ። (እናት በጓሮ የምትሞላለት መዋጮ እቁቡን ዋጋ ያሳጣዋል።) መክፈል ያቃተው ከዕጣው ቀን በፊት ለዳኛው ይንገር፤ ቀድሞ የተናገረ ሦስት ቀን ይታገሱት፣ ዝም ብሎ የቀረ 2 ብር ይቀጣ።